እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳየው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች ነን። የንግግራችን ርእስ «እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳየው?» የሚል ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው ከመጽሐፍ አግኝተነው ሳይሆን አፍረን ነው። ያሳፈረንንም ነገር አስቀድመን ብንናገር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አራት ሆነን በሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ቆመን ሳለን አንድ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሰውየው በውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አማርኛው ትንሽ ይሰበራል። ሚስቱ የዚያ አገር ሰው ናት። «ልጆች፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መኪና ከነገ በፊት የለም ተባልን። እስከዚያ ድረስ በዚህ ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችንም አንዱ «እዚህ እንኳ ምንም የለም። አርባ ምንጭ ስትደርሱ ግን ሐይቁንም አዞውንም ታያላችሁ» አለ። ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ሰሜን ተመለከተና «ያ ተራራስ?» አለን። «እሱ ዳሞታ ነው» አልነው። «ምን አለበት?» አለ። «ዛፍ» አልነው።

እንግዶቹ አመስግነውን ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። እኛም በሰዓቱ ምንም አልተሰማንም። በማግሥቱ ነገሩን እንደ ቀልድ አድርገን ለታሪክ መምህራችን ስንነግራቸው እርሳቸው አልሳቁም፤ አልተቈጡንም። «ለመሆኑ ከክፍላችሁ ዳሞታ ጫፍ የወጣ ማነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። እጃቸውን ያነሡት ስድስት ልጆች ናቸው። ከስድስቱም ሦስቱ የወጡት የጠፋ ከብት ሲፈልጉ ነው።

ከእኛ አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታችንን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ቀን መቍጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ስለሚያምር የሚያወርደው አልተገኘም። ሥዕሉ ሁለት ጥቋቁር ማማዎች ያሉት እጅግ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሒሳብ ትምህርት በከበደን ጊዜ ሁሉ ዓይናችን ወደዚያ ይሄድ ነበርና የመስኮቶቹን ብዛት ሳናውቀው ቈጥረን ጨርሰናል። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር ከዳሞታ ይልቅ ያንን ማማ አጥብቀን እናውቀው ነበር።

ያች ከተማ ኮሎኝ ናት። በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ50 ዓ.ም. የከተማነት ማዕረግ የሰጧት ጥንታዊት ከተማ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ከላጨን በኋላ አንገታችን ላይ የሚያርከፈክፍልን ኮሎኝ የሚባለው ሽቶ እንኳ ስሙን ያገኘው ከእርስዋ ነው። ካቴድራሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1248 ሲሆን ምክንያቱም የሰብአ ሰገል ነው የሚባለው ዐፅም በ1164 ከሚላኖ ወደዚያ ስለ ፈለሰ ለእርሱ የሚገባ ማረፊያ ለመሥራት ነው። ሥራው በ16ኛው መቶ ዓመት ቆመ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ማማዎቹ እንደ ጐደሉ፣ የድንጋይ ማንሻውም መሣሪያ በላዩ እንደ ተተከለ ሲኖር ትውልድ በትውልድ ላይ አለፈ። በመጨረሻ በ1880 ተፈጸመ፤ ቁመቱም 157 ሜትር ነው። ወደ ኮሎኝ የሚሄድ ጐብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

እኛን ግን ይበልጥ ያስደነቀን ሌላው ነገራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በጦርነቱ ጊዜ በካቴድራሉ አጠገብ ከአውሮፕላን ቦምብ መሸሸጊያ ሲቈፍሩ ከመሬት በታች በጥቃቅን ባለ ቀለም ጠጠር የተነጠፈ የአንድ ሮማዊ ቤት ወለል አገኙ። ከተማይቱ እየተቃጠለች እንኳ ያንን ወለል ለማዳን ጊዜ አገኙለት። ኋላም በ1974 የተከፈተውን ቤተ መዘክር በዚያው በወለሉ ላይ ሠሩበት። ወለሉን ወደ ቤተ መዘክሩ ማምጣት ሲቻል ቤተ መዘክሩን ወደ ወለሉ አመጡለት ማለት ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። መምህራችን አንድ ቀን በክፍል ውስጥ «ያች የምታደንቋት የኮሎኝ ከተማ ሊቃውንት እናንተ ዛፍ ብቻ አለበት ወዳላችሁት ተራራ መጥተው ለዓመታት እንደ ቈፈሩ ታውቃላችሁን?» ብለው ጠየቁን። አናውቅም ነበር። ስፍራው ሞቸና ቦራጎ ይባላል። በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ገጽ ላይ የሚገኝ ትልቅ የድንጋይ መጠለያ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ሊቃውንት ቈፈሩበት። ከ2006 ወዲህ ደግሞ ከአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት፣ ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲም ራልፍ ፎግልዛንግ ከባልደረቦቻቸውና ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሠርተውበታል።

በታኅሣሥ ዕረፍት ዘጠኝ ሆነን በእግራችን ሄድን። መንገዱ በእንሰትና በጎደሬ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ውሻም ብዙ ነው። አንድ የአካባቢው ገበሬ አባት፣ የማን ልጆች እንደ ሆንን አንድ በአንድ ጠይቀው ካወቁ በኋላ፣ ሥራቸውን ትተው መሩን። መጠለያው አፉ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ይህ የተቀመጥንበት አዳራሽ በውስጡ ቢገባ ቦታ ይተርፈዋል። ዝናም በበዛበት ወራት ከአፋፉ ላይ ውሃ እንደ መጋረጃ ይወርድበታል፤ እኛ በሄድን ጊዜ ግን ቀጭን ነጠብጣብ ብቻ ነበር። መሪያችን በልጅነታቸው ዝናም ሲመጣ ከብቶቻቸውን በዚያ ያስጠልሉ እንደ ነበር ነገሩን። «ኋላ ፈረንጆቹ መጡና አፈሩን እንደ ዱቄት በወንፊት ነፉት፤ ወርቅ የሚፈልጉ መስሎን ነበር» አሉን።

የፈለጉት ባልጩት ነው። በመጠለያው ውስጥ አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ስለሚገኝ ታችኛው ጥንታዊ፣ ላይኛው የቅርብ ነው። ከታችኛዎቹ ንጣፎች የወጡት በሰው እጅ የተፈለጡ የባልጩት መሣሪያዎች ሃምሳ ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ የሆናቸው ናቸው። ባልጩቱም ከሌላ ስፍራ ተሸክመው ያመጡት ነው እንጂ እዚያው በደጃፉ የሚለቀም አይደለም። ሊቃውንቱ ለምን ዳሞታን እንደ መረጡም አንብበናል። በጥንት ዘመን ዓለም በቀዘቀዘ ጊዜ አብዛኛው የአፍሪካ ምድር ደርቆ ሰው የሚጠጣውን ባጣ ጊዜ፣ ይህ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ዝናም ሳይለየው ስለ ቆየ ሰዎች ወደዚህ ሸሽተው ተርፈው ይሆናል የሚል አሳብ አላቸው። አሳቡ ገና በምርመራ ላይ ያለ ነው። ነገር ግን አስቡት፤ ያ ምንም የለበትም ያልነው ተራራ የሰው ዘር የተጠለለበት ሊሆን ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ የጎረቤታችንን የጋሞን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በዚያ ሞታ በተባለ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የ4,500 ዓመት የሰው ዐፅም ተገኝቶ፣ በ2015 የዘር ውርሱ በሙሉ ስለ ተነበበ በመላው ዓለም ተወርቷል። ስሙንም ባይራ አሉት። ባይራ ማለት በኵር ማለት እንደ ሆነ ለወላይታ ልጅ ማስተርጐም አያሻም።

ወደ ሞቸና ቦራጎ እንመለስ። እኛ በሄድንበት ቀን ስፍራው ምን እንደ ሆነ የሚናገር አንዲት ሰሌዳ እንኳ አላየንም። መሪያችን ባይኖሩ ኖሮ አልፈነው እንሄድ ነበር። ያ በመናኸሪያ ያገኘነው ሰው ብቻውን ቢሄድ ደግሞ ያየው የነበረው ጥላና የከብት እበት ነው። ሰሌዳ መጻፍ ግን የኮሎኝን ሀብት አይጠይቅም፤ ጣውላና ቀለም፣ ምን እንደሚጻፍበትም የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

አሁን ደግሞ ለመናገር ወደ ከበደን ነገር መጥተናል። የወላይታ ነገሥታት አገራቸውን ከጠላት ለመጠበቅ በድንጋይ ካብና በጕድጓድ ያጥሩ እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ካብ የዚህ ምስክር ነው። ጭቃም ኖራም ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጋባ የተሠራ ነው። እኛም በቡድን ሆነን አንዱን ክፍል ለማየት ሄድን። አንዳንዱ ስፍራ ላይ ካቡ ከሰው ደረት ይደርሳል፤ አንዳንዱ ስፍራ ላይ ደግሞ ድንጋዩ አልቆ የመሬቱ እብጠት ብቻ ቀርቷል። «ድንጋዩ ወዴት ሄደ?» ስንል በዚያ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ሳይደብቁ «ቤት ሆነ፤ አጥር ሆነ» አሉን።

ስንመለስ ከእኛ አንዱ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ ሄደ። ቤቱ ከደረሰ በኋላ አባቱን ጠየቃቸው። አባቱም የቤታቸው መሠረት የቆመው፣ እርሱ ሳይወለድ፣ ከዚያው ካብ በአህያ በተጫነ ድንጋይ እንደ ሆነ ነገሩት። ይህን ዛሬ በወላጆች ፊት እንድንናገር አባቱ ራሳቸው ፈቅደውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ድንጋይ ለሚፈልግ ሰው ድንጋይ ነው፤ ቅርስ ነው ብሎ የነገራቸውም አልነበረም። የኮሎኝ ሰዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ሮማውያን ከአይፈል ተራሮች ወደ ከተማይቱ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ቦይ ሠርተው ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ግን የአገሩ ሰው እያፈረሰ ቤተ ክርስቲያንና ቤት ሠራበት። የተረፈውን ክፍል ዛሬ ሰዎች በእግራቸው እየተከተሉ ይጐበኙታል። እኛ የምንለው፣ የሄደው ሄዷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን የቆመውን እንወቀው፣ እንለካው፣ ልጆቻችሁም ድንጋዩን ለማውረድ ሲሄዱ ባየን ጊዜ ዝም አንበል ነው።

ሌላው የከበደን የ1887 ዓ.ም. ነገር ነው። የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የዘመቱበትን ሠራዊት ተዋግተው፣ ቆስለው፣ ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከዘመቻው ጋር የነበረ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ያየውን በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመጽሐፍ አሳትሞታል። ያለቀው ሕዝብና የተነዳው ምርኮ ብዙ ነው። እንግዳ መጥቶ «ንጉሣችሁ ወዴት ደረሱ?» ቢለን ምን እንላለን? በዚህ ጉዳይ ላይ በክፍላችን ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ከእኛ መካከል ቅድመ አያቱ ከካዎ ጦና ጋር የተዋጋ አለ፤ ቅድመ አያቱ ከሸዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረም አለ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ግን አንዱ ወንበሩን ቀየረ።

በኮሎኝ ከተማ ቅዱስ አልባን የተባለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈረሰ። ሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲጠግኑ እርሱን ጣራ ሳያለብሱ እንደ ፈረሰ ተዉት፤ በውስጡም አንድ አባትና አንዲት እናት ተንበርክከው ልጃቸውን ሲያዝኑ የሚያሳይ የድንጋይ ምስል አቆሙበት። የምስሉ ፈልሳፊ ኬቴ ኮልቪትስ ልጅዋን በአንደኛው ጦርነት ያጣች ሴት ናት። መምህራችን የዚህን ፎቶግራፍ አምጥተው ምንም ሳይናገሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እነዚያ ወላጆች የማን ወገን እንደ ሆኑ በፊታቸው ላይ አይነበብም። ከዚያ በኋላ ልጁ ወንበሩን መለሰ ብለን ልንዋሻችሁ አንፈልግም፤ አልመለሰም። ነገር ግን ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ለእንግዳ የሚነገረውን ቃል ጻፉ፤ አሥራ ሁለት መሥመር ነው። ሁለቱም የተስማሙበትን ብቻ ይዟል። ከአዳራሹ በር አጠገብ ስለ ለጠፍነው ስትወጡ ታነቡታላችሁ።

ዳሞታን ለሚወጣ እንግዳ ከዚህ ሌላ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም አለ። በገድላቸው የተጻፈው የዳሞት ንጉሥ ሞተሎሚ ስሙ ከወላይታ የመጀመሪያው የነገሥታት ዘር ጋር ተያይዞ በአባቶቻችን ዘንድ ይነገራል። በሚሲዮን ያደግነው ልጆች መጀመሪያ ወደ ገዳሙ ለመግባት ፈራን፤ አንድ መነኵሴ ግን ማነህ ከየት ነህ ሳይሉ ውሃ ሰጡን። ከተራራው ላይ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ሜዳው እየወረደ ሄዶ በሩቅ አባያ ሐይቅ ይታያል። ውሃው ቀይ የሚመስለው በጐርፍ ከሚገባበት አፈር የተነሣ ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ የእኛ ማሳ ስንት እጅ እንዳለበት የጂኦግራፊ መምህራችን ሁልጊዜ ያስቡናል።

የአጆራን ፏፏቴ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አናረዝምም። ከአረካ አልፎ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ አጃቾና ሶኬ የተባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ገደል ይወረወራሉ። ከክረምት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ጫማ የሚያንሸራትት ግን አይሁን። ከመካከላችን አንዲቱ ልጅ ይህን የምታውቀው በመከራ ነው።

ስለ ሁምቦ ግን ጥቂት ብንናገር ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ፈርሶ የተሠራ ነገር ነውና። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ጠበላን ስናልፍ የሚታየው ተራራ ዛፉ ተቈርጦ አልቆ ራቁቱን የቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ወርልድ ቪዥን በተባለው ድርጅት ርዳታ፣ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከምሳር ከለሉ። ብልሃቱ የሚገርም ነው፤ አብዛኛውን ችግኝ አልተከሉም። ከመሬት በታች ጉቶው ገና ሕያው ስለ ነበር የሚያቈጠቍጠውን ቅርንጫፍ እየመረጡ፣ ደካማውን እየመለመሉ ጠንካራውን አሳደጉት። ዛፉ ከአየር የሚስበውን ካርቦን አስለክተው በ2009 በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ አስመዘገቡ፤ ሽያጩም ለማኅበሮቻቸው ገባ። ይህ ለጐብኚ ከካቴድራል የማያንስ ነው ብንል ተጋነነ የሚለን ይኖር ይሆናል። የሚለን ካለ ሄዶ ይየው።

ምግባችንስ? እንግዳ ሲመጣ እናቶቻችን አያሳፍሩንም። ከቆጮና ከሥጋው ጋር ዳጣውን ያቀረበ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ብቻ ዳጣው እንደሚያቃጥል አስቀድሞ መናገር የደግ ሰው ሥራ ነው። የጊፋታን በዓል በመስከረም ለማየት የመጣ እንግዳም በዱንጉዛው ቀለም ብቻ ዓይኑ ይጠግባል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ግን የተጠራ ብቻ ነው። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች የሚመጣው ሰው በርክቷል፤ በሆቴሉ አድሮ፣ ስብሰባውን ጨርሶ፣ ዳሞታን ከመኪና መስኮት አይቶ የሚመለሰው ይበዛል።

እኛ ከመሄዳችን በፊት የሠራነው ትንሽ ነገር ይህ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ከሶዶ በእግርና በመኪና የሚደረስባቸውን ስፍራዎች፣ መንገዳቸውን፣ ሊመሩ የፈቀዱ የአካባቢ ሰዎችን ጽፈን ለቤተ መጻሕፍታችን ሰጥተናል። ደብተሩ አላለቀም፤ ባዶ ገጽ ይበዛዋል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አደራውን ተቀበሉን። ለሞቸና ቦራጎ የሚሆነውን ሰሌዳ ጣውላ አንድ አናጢ አባት በነፃ ሰጥተውናል፤ ጽሕፈቱ በወላይትኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተስማምተናል። የሚመለከተው ክፍል እስኪፈቅድልን ድረስ ሰሌዳው በቤተ ሙከራው በስተኋላ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገ ቅዳሜ ነው። ወላጆችም ሆናችሁ መምህሮች፣ ዳሞታን ያልወጣችሁ ሁሉ፣ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገናኙን። ውሃና ቆሎ ያዙ። ዱላ ያለው ዱላውን ያምጣ፤ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ጉልበት ይፈትናል።